በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ኪኒን

የባለቤቴ እናት ዓቢይ ጾምን ከእኛ ጋር ሊጾሙ ከስማዳ የመጡት እያሳሉ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው፣ ወገዳ አጠገብ ካለ ደብር ተጠግተው የሚኖሩ መነኩሲት ናቸውና ሰው ሁሉ እማሆይ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ልጃቸው በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሪ ነበር። በጾም የአዘቦት ቀን ሳይቀር የሚቀደስበት ከተማ ልጅ እያለኝ ገጠር ምን አስቀመጠኝ ብለው፣ በበቅሎ የገደሉን ነፋስ ሲጠጡ ሰንብተው መጡ። ደጃፋችን ላይ ሲወርዱ ሰላምታቸውን እንኳ ሳል አቋረጠው።

ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ባለቤቴን ተከትዬ መጥቼ ያን አገር የለመድኩት ቢመስለኝም አገሬው ግን "ሸዌዋ" ማለቱን አልተወም። አነጋገሬ ያስቃቸዋል። እማሆይን ደግሞ ከአነጋገሬ ይልቅ ጥንቃቄዬ ነበር የሚያስቃቸው። እንስራውን ከድኜ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ስጭን ያዩና፣ "ምነው፣ ውኃው ይሸሻል ብለሽ ነው?" ይላሉ። ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። እናቴ ሩቅ ናት፣ እህት ወንድም አጠገቤ የለም፤ አንድ ነገር ቢበላሽ አብሮኝ የሚያቃና ሰው የለም የሚል ስጋት ከልቤ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ከሳሉ ጋር ትኩሳትም ነበራቸው። ባለቤቴ ከመድኃኒት ቤት የጉንፋን ኪኒን በወረቀት አስጠቅልሎ መጣ፤ ጧት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ ተብሎ ነው የተሰጠው። እማሆይ አንዷን በምላሳቸው ጫፍ ነካ አደረጉና ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ከዚያ ደስ አላቸው። ለእሳቸው መድኃኒት ሲመር ነው። ከወገዳ ገበያ ከአንድ ነጋዴ ገዝተው ያመጡት ቀይ የሳል ሽሮፕ ግን ስለጣፈጣቸው አላመኑትም። "ይኼ ልጅ ማታለያ ነው" ብለው ጠርሙሱን እንደ ተሞላ ከዳዊታቸው ማኅደር ሥር ሸጎጡት። እኔም ተዉት ብዬ ልቤ አረፈ።

ኪኒኑን በሳጥን ቆልፌ አስቀመጥኩ። ጧት ለኪዳን ሲወጡ አንዷን በመዳፋቸው አኖርላቸዋለሁ፤ ቀትር ላይ ለቅዳሴ ሲሄዱ አንዷን፤ ወደ ማታ ሲመለሱ አንዷን። "እግዜር ይስጥሽ" ብለው ይቀበሉኛል፣ ይወጣሉ። ሲውጡ ቆሜ አላይም፤ አማትን አፍዎን ይክፈቱ ይባላል እንዴ? በእኛ አገር የንስሐ አባታችን ለታመመ ሰው መድኃኒት ጾም አይሽርም ይሉን ስለነበር፣ እሳቸውም በዚያው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር።

በአንዱ ረቡዕ ሳላቸው ጠንክሮ ዋለ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር፤ የሆነ ነገር አሳፍሯቸዋል። የማታዋን ኪኒን ሰጠኋቸው። ጓዳ ገብተው ጥቂት ቆዩና ወጥተው፣ የባቄላ ንፍሮ በእፍኛቸው ያህል ቀምሰው መደቡ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሽሮ እያማሰልኩ ወሬ ብጀምርላቸው መልስ የለም። ዞር ብል ግድግዳውን ተደግፈው ተኝተዋል።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እማሆይ ደግሞ የሠርክ ጸሎታቸውን ሳያደርሱ ጎናቸውን ለአልጋ የሚሰጡ ሴት አይደሉም። ድስቱን አወረድኩ። ወጣሁ፣ ገባሁ። ልቀስቅሳቸው ብል ደከሙ፤ ልተዋቸው ብል እጄ አልታዘዝ አለ። በመጨረሻ ትከሻቸውን ያዝኩ። ዓይናቸውን በግማሽ ገልጠው፣ "ቅዳሴ ገባ?" አሉኝ። ምላሳቸው እንደ ሰካራም ተጎትቷል። ከቅዳሴ የተመለሱት አሁን ነው፤ ጠላ ደግሞ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም።

ጎረቤቴ እሳት ልትጭር ገብታ አየችን። አፈኛ ናት፤ ልቧ ግን ደግ ነው። "ጾሙ ነዋ። የጾመ ሰው እህል ሲቀምስ ይዝላል። ሸዌ አገር ሰው አይተኛም?" አለች። መልሼ ሳልጨርስ እንደገና አየቻቸውና፣ ለማንኛውም ወፍራም ቡና አፍልተን በአፋቸው እናንቆርቁርላቸው አለች። እምቢ አልኩ። ያልነቃ ሰው የሚጠጣው ወደ ሆዱ ይሁን ወደ ሳንባው ማን ያውቃል? በጎናቸው አስተኛኋቸው፤ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ላላ ሳደርግ ጫፉ ተጨማድዶ አገኘሁት። የተፈታ ቋጠሮ ነው። በእጥፋቱ ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ። ቀመስኩት። መረረኝ።

ሴት ልጅ ሳንቲሟንም ክታቧንም የምትቋጥርበት ቦታ ይታወቃል። የጧቷም የቀኗም ኪኒን እዚያ እንደዋሉ ወዲያው ገባኝ። ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ከዳዊቱ ማኅደር ሥር ጠርሙሱን ሳወጣ፣ እስከ አንገቱ ሞልቶ የነበረው ሽሮፕ ከግማሽ በታች ወርዷል። አጠገቡ የቡና ሲኒ አለ፤ ውስጡ በቀይ ተጣብቋል። ሲኒውን ለጎረቤቴ አሳየኋት። መቀነቷን አጥብቃ ባለቤቴንና የክሊኒኩን አካሚ፣ ድሬሰሩን፣ ልትጠራ ሮጠች።

ብቻዬን ቀረሁ። መቀመጥ አልቻልኩም፣ መቆምም አልቻልኩም። እጄን ወደ አፍንጫቸው አስጠጋለሁ፤ ትንፋሻቸው ይመጣል፣ ይዘገያል፣ እንደገና ይመጣል። በዘገየ ቁጥር የእኔም አብሮ ይቆማል። አቡነ ዘበሰማያትን እጀምርና መሐሉ ላይ ይጠፋኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ የደገምኩት ጸሎት ያን ዕለት አላልቅ አለኝ። "እማሆይ፣ ይስሙኝ፣ ያናግሩኝ" እላለሁ። አንዳንዴ "እ" ይሉኛል። ያችን "እ" ለማግኘት ስማቸውን ደጋግሜ ጠራሁ። ሳሉ እንኳ ጠፍቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያስጨነቀኝን ሳል፣ ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ቢያሳሉ ብዬ ለመንኩ።

ድሬሰሩ ከባለቤቴ ጋር እያለከለከ ገባ። ጎልማሳ ነው፤ ነገር አያበዛም። ዓይናቸውን ገልጦ አየ፣ የእጃቸውን ትርታ ያዘ፣ ትንፋሻቸውን አዳመጠ። የወሰዱትን ሁሉ አምጪ አለኝ። የኪኒኑን ወረቀትና ጠርሙሱን አቀበልኩት፤ የነጠላውን ቋጠሮና የሲኒውንም ነገር አስረዳሁት። የጠርሙሱ ጽሑፍ ግማሹ በእርጥበት ተልጧል፤ የቀረውን በመስኮቱ ብርሃን ሲያነብ ቆየ።

"ስማቸው ሁለት ነው እንጂ ሥራቸው አንድ ነው" አለ። "ኪኒኑም የሚያስተኛ አለበት፣ ሽሮፑም የሚያስተኛ አለበት። ለቀን የተከፋፈለውን ኪኒን በአንድ ጊዜ ወሰዱት፣ በላዩ ላይ ይኼን ጨመሩበት። አንዱ ብቻውን በልኩ ቢሆን ጉዳት አልነበረውም።"

ባለቤቴ ይድናሉ ወይ ብሎ ጠየቀው። ድሬሰሩም፣ ክሊኒክ ሆነው ትንፋሻቸውን እየጠበቅን ብናይ ይሻላል ብቻ አለ። በቃሬዛ አድርገን ወሰድናቸው። እኔ ጎን ለጎን እየሄድኩ እጃቸውን ይዣለሁ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያማትባል፤ የሞቱ የመሰለው ሰው ሁሉ "ነፍስ ይማር" ሲል እሰማለሁ። 

በክሊኒኩ ድሬሰሩ ከአጠገባቸው አልተነሣም። እኔ ከበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ በር ስመላለስ ባለቤቴ ተቀመጪ ቢለኝ ጆሮዬ አልሰማም። ራት ሰዓት ሳያልፍ ትንፋሻቸው ጠንከር አለ። ኋላ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ድሬሰሩን አዩ፣ እኔን አዩ። መጀመሪያ ያሉት፣ "ሠርክ አመለጠኝ?" ነው።

ድሬሰሩ ሳቁን ዋጠና ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ጠየቃቸው። እማሆይ እንደ ሞኝ አዩት።

"የጧት ዳዊቴ ቢያመልጠኝ ማታ ደርቤ አደርሰዋለሁ" አሉ። "ስግደቱም እንዲሁ ነው። ኪኒኑን በጧት ብውጠው ጾሜ ይፈርሳል፤ ብተወው ደግሞ ልጄ ያዘዘኝ ይቀራል። ቋጥሬ አቆየሁትና ከቅዳሴ መልስ ሁሉንም አደረስኩ።"

እስከዚያ ቀን ድረስ አንዷን ብቻ እየዋጡ የቀሩትን ሲያጠራቅሙ ይሁን ሁሌም ሲደራርቡ የከረሙት፣ ጠይቄያቸው አልነገሩኝም። የሽሮፑን ነገር ግን ተናገሩ። ወንጌል ሲነበብ ሳል ያዛቸው፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ነገ እንዳልዋረድ ብዬ በሲኒ ለክቼ ጠጣሁ አሉ። ድሬሰሩ ሲኒ ለቡና እንጂ ለመድኃኒት ልክ አይሆንም ቢላቸው፣ ታዲያ በምን ልለካው፣ በእንቅብ? አሉት።

ድሬሰሩ ጠርሙሱን እዚያው አስቀረው፤ ጽሑፉ የማይነበብ መድኃኒት አይጠጣም ብሎ። ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፤ ትኩሳት ካለ ኪኒኑን ብቻ፣ አንዷን፣ ሌላዋን ሰዓቷ ሲደርስ፤ ያመለጠችው አመለጠች፣ አትካካስም፤ ሌላ የሳልም የጉንፋንም ነገር አይጨመርባት፤ ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡልኝ አለን። እኔ ቃሉን እንደ ውዳሴ ማርያም በልቤ እየደገምኩ ያዝኩ። እማሆይ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ "ኮት የለበሰ ሁሉ የጾም ሥርዓት ያስተምረኝ ጀመር" አሉ። ነገም እንዲሁ ያደርጋሉ ማለት ነው። ልቤ እንደገና ተነሣ። ከዚህ ተርፈው በሚቀጥለው ቋጠሮ ቢሄዱብኝስ?

በማግስቱ እሳቸው ከክሊኒክ ተመልሰው ቤት ተኝተው ሳሉ፣ ኪዳን ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ ለጾሙ እዚሁ የያዟቸውን የንስሐ አባት ጠበቅኩ። በጋይንት ቤተ ልሔም ብዙ ዘመን የተማሩ አባት ናቸው። ነገሩን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝና ተከትለውኝ መጡ። እማሆይ መስቀል ተሳለሙ፤ ከዚያ ለወቀሳ እንደተዘጋጀ ሰው አንገታቸውን አቀኑ። አባ ግን አልወቀሷቸውም።

"እማሆይ፣ ባለፈው እሑድ ሥጋ ወደሙን ሳይቀበሉ ቢቀሩ፣ በዚህ እሑድ ሁለቴ ይቀበላሉ?"

"ኧረ እግዚኦ! ምን ማለትዎ ነው አባ፣ አይደረግም።"

"እንግዲያው የሚደረብ አለ፣ የማይደረብ አለ። ዳዊት ይደረባል። መድኃኒት ከማይደረበው ወገን ነው።"

 እኔ የነጠላዬን ጥለት እጠቀልላለሁ፣ እፈታለሁ። አባ ቀጠሉና፣ ለበሽተኛ መድኃኒት ጾም እንደማይሽር፣ ሕሊናቸው እምቢ ካለ ግን ከቅዳሴ መልስ አንዷን ብቻ እንዲውጡ፣ የቀረችው እንደ ቀረች እንድትቆጠር ነገሯቸው። ከዚያ ወደ እኔ በእጃቸው አመለከቱ። ከዛሬ ጀምሮ ከምራትዎ እጅ ተቀብለው፣ ፊቷ ይውጣሉ፤ ቀኖናዎ ይኸው ነው አሉ።

"ቀኖናው ከበደ" አሉ እማሆይ። "ሸዌ ከሚያዝዘኝ ስግደቱን ቢያበዙልኝ ምን ነበረበት?"

አባ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ መዳኔን ያወቅኩት ግን ያን ጊዜ ነው። እማሆይ በቀኖና አይቀልዱም።

በዚያ ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ አጥሩ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ኪኒኗን ከመዳፌ አንሥተው ዋጡና ምላሳቸውን እስከ ሥሩ አውጥተው አሳዩኝ፤ ልጅ ሆነው የተቀጡ ይመስል። ትኩሳታቸው በማግስቱ ለቀቃቸው፤ ኪኒኑም ቀረ። እኔን ግን ጭንቀቱ አልለቀቀኝም። ቀን ጋደም ባሉ ቁጥር ቀስ ብዬ ገብቼ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ማለቱን አያለሁ። አንድ ቀን ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "አለሁ፤ ሂጂ ሽሮሽ ያራል" አሉኝ።

ሳሉ ከእሳቸው ጋር ከረመ። በደብረ ዘይት እሑድ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ወንጌል ሲነበብ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ሳላቸውን ሊያፍኑ እንደሆነ አወቅኩ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ ተውት፣ አሳሉ። ከፊታችን የቆሙት ሴቶች ዞሩ። እማሆይ ቀና ብለው ቆሙ፣ አልወጡም፣ ደግመው አሳሉ። ሌላው ሰው ስለ ረበሹት አዝኖ ይሆናል፤ እኔ ግን ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንጌሉን እስከ ፍጻሜው ሰማሁት።