መምህራችንን ያሳሰረው ካድሬ እና የአሜሪካ ፖሊስ ድራማ

ዛሬ ጋሸና ከተማ አንድ ምግብ ቤት ምሳ ልበላ ስገባ፣ መምህራችንን ያሳሰረውን ካድሬ ቴሌቪዥን ላይ የድሮ የአሜሪካ መርማሪ ፖሊስ ድራማ እያየ ሲስቅ አገኘሁት።

በደርግ ጊዜ ላሊበላ ተማሪዎች ነበርን። መምህራችን አዲስ አበባ ያዩትን እንዲህ ያለ ተከታታይ ድራማ ተረኩልን። ይሄ ሰው «የኢምፔሪያሊስት ፖሊስ ያወድሳል!» ብሎ ከክፍል አስወሰዳቸው። (እኛ ቴሌቪዥን እንኳ አይተን አናውቅም!)

ከተፈቱ በኋላ ወደ ክፍል አልተመለሱም። ጠመኔ ዳግመኛ አልያዙም።

«ና ልጄ ተቀመጥ፣ ገዳዩ ሊያዝ ነው» አለኝ ካድሬው ዛሬ።

«መምህሬን ያሳሰርካቸው እንዲህ ባለ ድራማ ነው» አልኩት። ዕድሜው ለአንቱታ ይበቃል፤ ከአፌ ግን አልወጣ አለኝ።

«ጊዜው ነው» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

አልጨበጥኩትም። ምሳዬን ሳልበላ ወጣሁ፤ አሁንም ንዴቱ አልበረደልኝም።

እናንተስ እንዲህ ያለ ሰው ሰላም ሲላችሁ ምን መለሳችሁ?