የእትዬ አሰፋሽ ሳህን

እትዬ አሰፋሽ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከገቡ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ከዚያ በፊት ጌጃ ሰፈር ነበሩ፤ ከቦኖ ውሃ ቀድተው በጀርባቸው እያመላለሱ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። የኮንዶሚኒየሙን ቁልፍ የተረከቡ ዕለት ቧንቧውን ከፍተው፣ ውሃው እጃቸው ላይ ሲወርድ፣ «ከእንግዲህስ ተገላገልኩ» ብለው ነበር። ምን ያደርጋል! ውሃው በሳምንት አንዴ ብቅ ካለ ነው፤ እሱም አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል። ልክ እንደ እሳቸው።

እና ውሃን እንደ እትዬ አሰፋሽ የሚይዝ ሰው በብሎኩ የለም። ጎመን የታጠበበት ውሃ ዕቃ ይለቀለቅበታል፤ የልብስ እጣቢ ወለል ይወለወልበታል፤ የወለሉ ደግሞ ሽንት ቤት ይደፋል። አንድ ጆግ ውሃ ሦስት ጊዜ ሳይሠራ ከቤታቸው አይወጣም። ሜክሲኮ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በጽዳት ሠርተዋል። ቀን የሰው ወለል፣ ቤት ሲገቡ ደግሞ ባልዲ ማገላበጥ፤ ወገባቸው ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አያውቅም።

ውሃ መቼ እንደሚመጣ የሚናገር የለምና የብሎኩ ሰው ሁሉ አንድ ዘዴ አለው፤ ቧንቧውን ከፍቶ መተው። እትዬ አሰፋሽ ከሥሩ የቆርቆሮ ሳህን ጋደም አድርገው ይደፋሉ። ውሃው ጠብ ሲል ሳህኑ ይንኳኳል፤ የትም ክፍል ይሁኑ ሮጠው በርሜላቸውን ይሞላሉ። ከቤት ሲወጡ ግን ቧንቧውን ሳይዘጉ ወጥተው አያውቁም።

እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ማለቴ ነው።

ውሃ ከጠፋ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነበር። ልጃቸው መቅደላዊት፣ የሃብተአብ ሚስት፣ ትናንት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ነገ ከሆስፒታል ትወጣለች። ጠዋት ደወለች።

«እማዬ፣ ውሃ ካልመጣ እነ ሃብተአብ ጋ ብታረስ አይሻልም? እናቱ ቤት ሮቶ አለ። አንቺ በዚህ ወገብሽ ጀሪካን ልትሸከሚ ነው?»

«የመጀመሪያ ልጅሽን አማትሽ ቤት ልትታረሺ? እናት የለሽም? ዛሬ ይመጣል አልኩሽ!»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘግተው፣ የአጥሚቱን ፔርሙዝ አንጠልጥለው፣ እያጉረመረሙ ወደ ሆስፒታል ወጡ። ቧንቧው ተከፍቶ ቀረ። ሳህኑም ዛሬ እንደ ወትሮው አልተደፋም፤ በንዴት ጣል ያደረጉት ሳህን የማጠቢያውን ቀዳዳ ግጥም አድርጎ ዘግቶታል።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ የውሃ ድምፅ ሰሙ።

«ተመስገን! መጣ!» አሉ ጮክ ብለው።

ሦስት ደረጃ ሳይወጡ ጫማቸው ራሰ።

በራቸው ላይ ፈሪዳ ባልዲ ይዛ ቆማለች፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከሥራቸው የምትኖረው ጎረቤታቸው። «እትዬ አሰፋሽ፣ ስልክዎን ምን ዋጠው? አንድ ሰዓት ሙሉ ስደውል!»

ቁልፉ እምቢ አላቸው። በሩ ሲከፈት ምንጣፉ ተንሳፍፏል። ቧንቧው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጭጭ አለ። በርሜሉ ከጎኑ እንደ ደረቀ ቆሟል።

እትዬ አሰፋሽ ዱካው ላይ ዘፍ አሉ። «አሥራ አንድ ቀን የጠበቅሁት ውሃ… ፈሪዳ፣ አንዲት ጭልፋ እንኳ አልያዝኩም። ያንቺስ ቤት?»

«ሶፋው ላይ እየዘነበ ነው። ባሌ ሰሚር ገላውን ሲታጠብ በር አንኳኩተው ‹ዝጋው!› ያሉት እርስዎ አልነበሩ? ይኸው አሁን ዣንጥላ ይዞ ተቀምጦልዎታል።»

ሊስቁ ፈለጉ፤ የመጣው እንባ ነው። ስልኩ ጮኸ። መቅደላዊት ናት።

«እማዬ፣ ውሃው መጣ?»

«ሂጂ እነሱ ጋ» ሊሏት ነበር። ደክሟቸዋል። ቃሉ አፋቸው ላይ ደርሷል።

ፈሪዳ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፣ «የእኔ ሁለቱም በርሜሎች ሙሉ ናቸው። ለአራስ ነው፤ ነይ ይበሏት» አለቻቸው።

«እማዬ? ትሰሚኛለሽ?»

«መጥቷል» አሉ እትዬ አሰፋሽ። «ነይ ልጄ። ቤትሽ ነይ።»

ስልኩን ከዘጉ በኋላ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ፎቅ ስንት የጀሪካን ዙር እንደሚሆን አሰቡ። ፈሪዳ መጥረጊያ አንስታ ውሃውን ወደ በረንዳው ቀዳዳ ስትገፋው አዩና፣

«ተይ!» አሉ። «ጨርቅ እየነከርን ባልዲ ላይ እንጭመቀው። ለሽንት ቤት ይሆናል።»

«ወይ እርስዎ! አይድኑም እኮ!»

እትዬ አሰፋሽ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ተንበረከኩ። ፈሪዳም መጥረጊያውን ጥላ ከፊት ለፊታቸው ተንበረከከች። የመጀመሪያው ባልዲ እስኪሞላ ድረስ ጨርቁን እየተቀባበሉ ጨመቁ።