ለካናዳ ምርጫ ምርቃት ፍለጋ ወደ ስማዳ

ሐሙስ ንጋት፣ ደብረ ታቦር

"ንፋስ መውጫ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" ይጮኻል ረዳቱ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። የጉና ብርድ ጋቢዬን አልፎ አጥንቴ ገብቷል፤ መናኸሪያው ውስጥ ሙቀት ያለው ነገር ቢኖር የአንዲት ሴትዮ የሻይ ማንቆርቆሪያ ብቻ ነው። ሁለት ብርጭቆ ጠጥቼ፣ አንድ ብስኩት በልቼ፣ ወንበሬ ላይ ተኮራምቼ መኪናው እስኪሞላ እጠብቃለሁ።

የምሄደው ምርቃት ለማምጣት ነው። ለረዳቱ ብነግረው ይስቅብኛል ብዬ ዝም አልኩ፤ ለናንተ ግን ልንገራችሁ። እናኑ ቢሻው የስማዳ ልጅ ናት። ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይተን አብረን ተምረናል። አሁን ካናዳ ነርስ ናት፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ዘንድሮ ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ ለምትኖርበት ከተማ ምክር ቤት ትወዳደራለች። ምርጫው የፊታችን ሰኞ ነው። እናቷ በስልክ መርቀዋታል። አባቷ አያ ቢሻው ግን "ለወንበር አልመርቅም፤ በስልክማ ጨርሶ" ብለው ስልኩን ለሚስታቸው መለሱ አሉ።

"ሂድልኝ" አለችኝ እናኑ። "በኔ ቦታ ጉልበቱ ላይ ውደቅልኝ። አባቴ ሳይመርቀኝ ብመረጥ እንኳ ወንበሩ እሾህ ነው የሚሆንብኝ።"

እሺ አልኩ። እምቢ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ሚስቴ ይህንን ደጋግማ ነግራኛለች።

ሐሙስ ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ካናዳን አላውቃትም። አስተያየት ግን አለኝ። እናኑ የምትልክልኝን ቪዲዮ ሳይ ከርሜ፣ አሁን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ስለ ፖለቲካቸው አወራለሁ። እንደኔ እንደኔ ፖለቲካቸው ስኳር ያነሰው ሻይ ነው። የሚከራከሩት በረዶው በስንት ሰዓት ይጠረግ፣ አውቶቡሱ በየት በኩል ይዙር፣ ለውሾች መናፈሻ ይከለል አይከለል በሚል ነው። የተሸነፈው ሰውዬ ላሸነፈው ደውሎ እንኳን ደስ አለህ ይላል። ይህን የመጨረሻውን ለሾፌሩ ለደጉ ነገርኩት።

"ደውሎ?" አለ ደጉ።

"ደውሎ።"

"ከዛስ?"

"ከዛማ ቤቱ ይገባል።"

"ውሸት ነው" አለና ሙዚቃውን ከፍ አደረገው።

ሙዚቃው ሽለላ ነው፤ ሽለላ በኪቦርድ። ማሲንቆው ከሥር አንድ ሁለቴ ብቅ ይልና ይሰጥማል። እኔ በበኩሌ ሽለላ በመብራት ኃይል መሸለል የለበትም ባይ ነኝ። ደጉ ደግሞ ይህ ዘፈን ካልተከፈተ መኪናዬ ዳገት አይወጣም ይላል። ከክምር ድንጋይ ከተማ በላይ ያለውን ዳገት ስንያያዘው ዘፋኙ ጠላቱን ሦስት ጊዜ ገደለው፤ ኋላ ወንበር ላይ ያሉት መነኩሴ ግን እንቅልፋቸውን አልተዉም። ኬላው ላይ ወርደን ተፈተሽን፣ ተመልሰን ገባን፣ ዘፋኙም ካቆመበት ቀጠለ።

ሐሙስ ምሽት፣ ንፋስ መውጫ

ንፋሱ እንደ ስሙ ነው። የባጃጆቹን ሸራ ያራግበዋል። ያረፍኩበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የውጭ ድራማ ያሳያል። ተዋናዩ "ወዮልህ!" ብሎ ከጨረሰ በኋላም ከንፈሩ መንቀሳቀሱን አያቆምም። የቀረውን ምን እንዳለ ማንም አይጠይቅም። ከድራማው ቀጥሎ ስብሰባ መጣ፣ ከስብሰባው ቀጥሎ ዘፈን። ቴሌቪዥናችን ከነዚህ ሌላ ሙያ የለውም ብል አልተሳሳትኩም። ድንች በሥጋ አዝዤ በላሁና ተኛሁ።

ዓርብ፣ አርብ ገበያ

ቀኑ የከተማዋ ገበያ ነው። አህያው፣ ሰዉ፣ ጆንያው፣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይፈስሳል። አዲስ የታጨደ ገብስ፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሩቅ የሚጣራ ሰው ሁሉ። ባዶ እጅ አይኬድምና ስኳርና ሳሙና ገዛሁ። ባቄላ የምትሸጥ አንዲት ጎልማሳ የስማዳ ሴት ስትሰፍርልኝ፣ ወደ ማን ቤት እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

"አያ ቢሻው ቤት" አልኳት።

"ሊቀመንበሩ?"

ደርግ ከወደቀ ስንት ዘመኑ፤ ማዕረጉ ግን አልወደቀም። አያ ቢሻው በዚያ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር እንደነበሩ እናኑ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። ሴትዮዋ ባቄላዋን እየሰፈረች ነገረችኝ። ለጦርነቱ ከየማኅበሩ ወጣት አምጡ ሲባል፣ የሚመርጠው ሊቀመንበሩ ነበር። የሷም ወንድም ተመረጠ።

"እሱ ግን አስቀድሞ የራሱን ልጅ ነው የሰጠ" አለችኝ። "ሞላ ይባል ነበር። አንዳቸውም አልተመለሱ። ስለዚህ ሰውዬውን አንረግመውም።" ትንሽ አሰብ አደረገችና "አንመርቀውምም" አለች። ከዚያ በላዩ ላይ አንድ ጭብጥ ባቄላ ምራቂ ጨመረችልኝ።

የዚህ አገር የጦርነት ታሪክ የሚነገረው በፎካሪ አፍ ነው። ስንት ገደለ፣ ስንት ማረከ። ልጁን እጁን ይዞ ያስረከበው ሰው ታሪክ የለውም፣ ዘፈንም አልወጣለት። የቀኑ መኪና ጥሎኝ ሄዶ እዚያው አደርኩ፤ ነገሩ ግን ሲከነክነኝ አደረ።

ቅዳሜ፣ ወገዳ

ወደ ስማዳዋ ከተማ ወደ ወገዳ የመጣሁት በእህል ጫኝ መኪና ጋቢና ነው። መንገዱ መንገድ አይባልም፤ ወገቤ ይመስክር። አያ ቢሻው ቤት ከከተማው ዳር ነው፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከጓሮው የገብስ ክምር። ግድግዳው ላይ እናኑ በነርስ ልብሷ ትስቃለች። የሞላ ፎቶ የለም።

ባለቤታቸው እቴ ጌጤ አቅፈው ሳሙኝ፣ አቀማጥለው ሽሮና ቃሪያ አቀረቡልኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ። አያ ቢሻው ከአጨዳ ሲገቡ ማጭዳቸውን ምሰሶው ላይ ሰቅለው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ሁለመናዬን አዩኝ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ጥርሳቸው ሙሉ የሆነ ሽማግሌ ናቸው።

"ለምን እንደመጣህ አውቃለሁ" አሉኝ። "ብላ መጀመሪያ።"

ከበላሁ በኋላ ስልኬን አውጥቼ እናኑ ከተወዳዳሪዋ ጋር የተከራከረችበትን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው ግን በሬ እንደሚገዛ ሰው ትኩር ብለው አዩት። ተወዳዳሪዋ፣ ቀይ ፊት ያለው ጎልማሳ፣ እያወራ ሳለ ደወል ተንቃጨለ፣ ሰውዬውም አፉን ዘጋ።

"ምንድን ነው?"

"ሰዓትህ አለቀ ማለት ነው፣ አያ።"

"ዝም አለ?"

"አለ።"

"ማንም ሳይዘው? ጠበንጃ ሳይኖር?"

"ማንም ሳይዘው።"

ሰውዬው ዝም ያለበትን ቦታ ሦስት ጊዜ አስመለሱኝ። "ይህ ደግ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ግን ደወሉ የተሰበረ ዕለትስ?"

እሷ የምትወዳደረው ለበረዶና ለአውቶቡስ ጉዳይ ነው፣ ከጦርነት ጋር አይገናኝም አልኳቸው።

"የኔም ሲጀምር የመስኖና የመንገድ ወንበር ነበር" አሉኝ። ጠላቸውን አንስተው ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። "እዚያ አገር፣ በጦርነት ለሞቱባቸው በዓመት አንድ ቀን ቀይ አበባ ደረታቸው ላይ ይሰካሉ አለችኝ ልጄ። ቆመው ዝም ነው አሉ የሚሉ። እኛ ዝም አላልንም፤ ፎከርን። በል፣ ነገ ከቅዳሴ መልስ ተንበርከክ፤ እመርቃታለሁ።"

እቴ ጌጤ ከጓዳ ሆነው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ደስ አለኝ። እንዲህ በቀላሉ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

እሑድ፣ እዚያው

ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ቤቱ ሞላ። ስልኬን ከጠላው ገንቦ ጋር አስደግፌ ቀረጻውን ከፈትኩና ጉልበታቸው ሥር ተንበረከክሁ። አያ ቢሻው ሁለት እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑ። ከባድ እጅ ነው፤ ዕድሜ ልኩን እርፍ የያዘ። ያን ጊዜ እኔ እኔ አይደለሁም፣ እናኑ ነኝ።

"ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽ ይከተል።"

"አሜን!" አልን ሁላችን።

"ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።"

"አሜን!"

"እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን።"

"አሜን!"

"ከአገሩ ብርድ፣ ከሰው ክፉ ዓይን ይሰውርሽ።"

"አሜን!"

"ሞላን ካሳጣኝ ወንበር ያርቅሽ።"

"አሜን!" አልን። ከሁሉም የኔ ድምፅ ይጎላ ነበር።

እኛ ዘንድ ለምርቃት አሜን ማለት እንደ መተንፈስ ነው፤ ማንም አስቦ አይለውም። ያልኩትን ያወቅኩት ቤቱ ጭጭ ሲል ነው። ቀና ብዬ ሳይ እቴ ጌጤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል።

"ምነው አንቱ! ልጅቱ ምን ለመነች፣ አንቱ ምን አሉ!"

"የታየኝን መረቅኩ" አሉ አያ ቢሻው። "አሜን ያላችሁት እናንተ ናችሁ።" ትፍ፣ ትፍ አሉብኝና እጃቸውን አነሱ።

አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ሳቅ አፈነው። ሌሎቹ ጠላቸውን አቀርቅረው ያዩ ነበር። ምርቃቱን ማስመለስ አይቻል፣ በድጋሚ ይመርቁ ማለት አይቻል። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ የሞላን ስም ያነሳ የለም፤ እቴ ጌጤ ግን ወደ ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ፣ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። እኔ ለምርቃት መጥቼ ልጅቱን በገዛ አፌ ያስረገምኳት ያህል ተሰማኝ። መላክ አለብኝ? ወይስ ቀረጻው ተበላሸ ልበላት?

ሰኞ ንጋት፣ ወደ እስቴ

መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሳለ አያ ቢሻው ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በመስኮቱ አቀበሉኝ። ፈታሁት፤ የበቅሎ ቃጭል ነው።

"ከመረጧት ላክላት" አሉኝ። "ደወላቸው የተሰበረ ዕለት ይችን ትምታበት። ካልመረጧት መልስልኝ፤ በቅሎዬ ያለሷ አትሄድልኝም።"

"አያ፣ ትናንት ከወንበር ያርቅሽ ብለው የለም እንዴ?"

"ብያለሁ" አሉ። "እግዜር ደግሞ የኔን ብቻ አይሰማም።" የመኪናውን በር በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ሂዱ አሉን። እጄን አነሳሁላቸው።

ሰኞ፣ መካነ ኢየሱስ

የእስቴዋ ከተማ መካነ ኢየሱስ ላይ ኢንተርኔት አለ። አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ፤ የባቄላ አሹቅና ሻይ። ቀረጻው እንዳለ ላክሁት፤ መዋሸቱን ሞክሬ ሞክሬ አልሆነልኝም። እዚያ ሌሊት ነው፤ እናኑ ግን አልተኛችም። ትንሽ ቆይታ ደወለች።

የምታለቅስ መሰለኝና ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣

"ስሙን ጠራው" አለችኝ። "ሞላ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ስም በአባቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም። እስክሞት አልሰማውም ብዬ ነበር።"

"እናኑ፣ እኔ እኮ አሜን ያልኩት..."

"አንተ ነህ ያልከው። እኔ አላልኩም።" አፍንጫዋን ስትናፈጥ ይሰማኛል። ስለ ቃጭሏ አባቷ ያሉትን ቃል በቃል ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዛ ደግሞ አለቀሰች፣ ከዛ "በል ልተኛ፣ ጠዋት ምርጫ አለብኝ" ብላ ዘጋች። አሹቄ ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደዚያው ጨረስኩት።

ማክሰኞ፣ ደብረ ታቦር

ቤቴ ነኝ። ስልኬ ላይ ከእናኑ አንድ መስመር ተጽፎ አገኘሁ። "ቃጭሏን ላክልኝ" ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

ወገዳ ደወልኩ። መስመሩ ሲመጣ ሲሄድ ቆይቶ አያ ቢሻው አነሱ።

"መረጧት፣ አያ!" አልኳቸው።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

"አለሁ" አሉ። "ለበቅሎዬ ሌላ መግዛቴ ነው እንግዲህ።"