ነፋስ ጨባጯ

የእህቴ ልጅ ሥራዋ ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ፣ «ነፋስ ትጨብጣለች» እላለሁ። ውሸቴን አይደለም። የመኪና ጭስ ከመንገድ ተነስቶ፣ ከነፋስ ጋር ዞሮ የማን ቤት እንደሚገባ በኮምፒውተር ታሰላለች። ድሮም እንዲሁ ነበረች፤ ገላዋን ስናጥባት ውሃው ተሽከርክሮ ሲወርድ ካላየች ከሳፋው አትወጣም።

እኔ ደግሞ የሕፃናት መዋያ አለኝ፤ ግራና ቀኙን ፎቅ በተደረደረበት መንገድ ዳር፣ ምድር ቤት። የመኝታ ክፍሉ መስኮት ወደ መንገዱ ነው። ግድግዳውን ቢጫ የቀባሁት በገዛ እጄ ስለሆነ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ብቻ «ጉንጮ» የምንለው ትንሹ ልጅ እዚያ በተኛ ቁጥር ሲያስል ይውላል። እናቱ «ካልተሻለው አስወጣዋለሁ» ብላኛለች። እሱን ካጣሁ ቤቱ ጭር ይልብኛል።

አንድ ቀን ነፋስ ጨባጯ መጥታ፣ «አክስቴ፣ አልጋዎቹን ወደ ጓሮው ክፍል አዙሪያቸው፤ ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ፣ ጭሱ የሚመጣው አንቺ መስኮት ላይ ነው» አለችኝ።

«ወግ ነው እቴ! ጣሪያው ላይ የተሰጣውን ልብስ አታዪም? ነፋሱ ከኛ ወደ ማዶ ነው። ጭሱን እነሱ ይቻሉት!»

«ላይ ላዩን እንደዚያ ነው። ግን የማዶውን ፎቅ ሲመታ ወደ ታች ይወርድና፣ መንገዱን አቋርጦ ጭሱን ይዞ ወዳንቺ ይመለሳል።»

«ምን ረስቶ ነው የሚመለሰው?» አልኳት።

ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። ሳሙና በሳህን በጥብጣ፣ መንገዱን ተሻግራ ማዶ ካለው ግድግዳ ሥር ቆመችና አረፋ ትነፋ ጀመር። እኔ እጄን አጣምሬ መስኮቱ ላይ ቆሜያለሁ፤ ልጆቹ እግሬ ሥር ይጋፋሉ። አረፋው ትንሽ ዋለለ፤ ከዚያ በመኪኖቹ ላይ ዝቅ ብሎ ቀጥ ወደ እኛ! ልጆቹ ቤቱን በጩኸት አናጉት። አንዱ አረፋ አፍንጫዬ ላይ ፈነዳ። በሳቅ ፍርስ አልኩ፤ ወዲያው ግን ጉንጮ ትዝ አለኝ፤ ለካ ያንን ሁሉ ጭስ በቢጫ ክፍል አስውቤ ያበላሁት እኔው ነኝ።

በዚያው ቀን አልጋዎቹን አዞርን። ጉንጮ ሲተኛ በር ላይ ቆሜ ሳሉን ጠበቅኩ። እስኪነቃ ድረስ አንዴም አላሳለ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ነፋስ ጨባጯ ትከሻዬን አቅፋ፣ ያልተቀባውን የጓሮ ክፍል ግድግዳ እያየች ምን ብትል ጥሩ ነው?

«አክስቴ፣ ቢጫ ቀለም ተርፎሻል?»