ቀይዋ ክርና የተቀዳው ጨለማ

የዚያን እሁድ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሴት ልጄ፣ ጎረቤታችንና ኮምፒውተሩ ነን። ኮምፒውተሩን የቆጠርኩት በዚያ ሳምንት ከሁላችንም በላይ የተከበረው እሱ ስለነበር ነው። ትልቁ ልጄ አልነበረም። የተሰበሰብነውም ለእሱ ነው።

ልጄ ክረምት ሲገባ «ጊኒር ሄጄ ከብት ልነግድ ነው» ብሎ ከምንኖርበት ከሮቤ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። አንድ ቀን ጎረቤታችን እየሮጠች መጣች።

«አዴ! ልጅሽን በቴሌቪዥን አየሁት! ስለ ወርቅ ቆፋሪዎች ሲያሳዩ፣ አካፋ ይዞ! ወላሂ እሱ ነው!»

«ፊቱን አይተሻል?»

«ቶሎ አለፈ እንጂ እሱ ነው አልኩሽ እኮ!»

ፕሮግራሙ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይደገማል ተባለ። ቅዳሜ ደግሞ ጎረቤታችንም እኛም ጎባ ለቅሶ አለብን፤ መቅረት አይታሰብም። ሴት ልጄ «እማዬ፣ አታስቢ። ኮምፒውተሩ ይቀዳልሻል፤ ፊቱ ላይ አቁመን እናየዋለን» አለችኝ። እሷ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ናት። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ ምን እላለሁ?

ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ጫነችበት። ነፃ ነው አሉ። እውነትም ነፃ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ መለመን ብቻ ነው የሚፈልገው። የኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ሁለት የቴሌቪዥን ካርድ ሰካችለት። ለአንዱ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚመጡበት የዲሽ ኬብል ይገባለታል፤ ለሌላው ባለቤቴ ኳስ የሚያይበት። እሷ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትጽፋለች፣ እሱ «ካርድ አልተገኘም» ይላታል። ካርዱ እዚያው ዓይኑ ሥር ተገትሮ!

«መነጽር ግዢለት» አለ ባለቤቴ።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ካርዶች ታዩት። ጌታዬ ዓይኑ በራለት። ካርዶቹ መልካቸው አንድ ስለሆነ ልጄ እንዳይምታታባት የአገር ውስጡን ኬብል ላይኛው ካርድ ላይ ሰክታ ቀይ ክር አሰረችበት፤ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በዚያው ካርድ እንዲቀዳም ኮምፒውተሩን አዘዘችው።

ቅዳሜ ጠዋት ልንወጣ ስንል ከሳነቴ ተራራ በኩል ሰማዩ አጉረመረመ። አምና መብረቅ ሪሲቨራችንን አቃጥሎብናል፤ ስለዚህ እንደ ማንኛውም ጠንቃቃ ሰው ኬብሎቹን ነቀልኳቸው። ደመናው ሲያልፍ መልሼ ሰካኋቸው። እግረ መንገዴን አቧራውን ጠረግሁ፤ የተንጠለጠለችውንም ክር ፈታሁ። እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል? ይህን ሁሉ ለማንም ሳልናገር፣ ቤቱን ከመብረቅ ያዳንኩ መሐንዲስ መስዬ ጎባ ሄድኩ።

እሁድ ተቀምጠን ከፈትነው። ጥቁር። ልጄ ወደፊት ገፋችው። አሁንም ጥቁር። ታማኙ ኮምፒውተር አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳያጎድል አንድ ሰዓት ሙሉ ጨለማ ቀድቶልኛል።

«ወርቁን መሬት ውስጥ ሆነው ነው መሰለኝ የሚቀርጹት» አለ ባለቤቴ።

ልጄ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጎንበስ አለች። «እማዬ፣ ቀይዋ ክር የት ሄደች?»

«መሳቢያ ውስጥ ናት። ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ።»

«ጠቅልለሽ?»

«ካስፈለገችሽ ብዬ ነዋ።»

«ኬብሎቹን አቀያይረሽ ሰክተሻቸዋል እኮ!»

ጎረቤታችን በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች። ፊቴን ስታይ ግን ተወችው። «ግድ የለም አዴ፣ እኔ አይቼዋለሁ እኮ።»

«ከስቷል?»

ሻሿን አስተካከለች። «ቶሎ አለፈ» አለች።

ፕሮግራሙ ከእንግዲህ አይደገምም አሉን። ክሯን ልጄ መልሳ አስራታለች። አሁን እኔ ኬብል አልነካም፤ ሲያጉረመርም ቆሜ አያለሁ።

ወርቅ በሚቆፈርበት አገር ያላችሁ ይህን ካነበባችሁ፣ ልጄ ረጅም ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ያያችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ደህና መሆኑን ንገሩኝ።