ስልኩን የመለሰችው ሱክዋሪን

ሱክዋሪን ጎረቤቴ ናት። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ስትቆጣ ሳልፈልግም እሰማለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ያልተቆጣችበትን ቀን አላስታውስም። እኔም አብሬያት ተቃጥያለሁና ከእኔ ለስለስ ያለ ወሬ አትጠብቁ።

የመንደራችን ሚታኒን ነበረች። ሚታኒን በእኛ ቋንቋ የሴት ወዳጅ ማለት ነው፤ የመንደር ጤና ሠራተኞች የሚጠሩበት ስም ነው። ያረገዘችውን ታስከትባለች፣ ምጥ የያዛትን ሆስፒታል ታደርሳለች፣ አራሷን ትጠይቃለች፣ ሕፃኑን ትመዝናለች። ሱክዋሪን በልጅነቷ ትምህርት አቋርጣ ሩዝ ማሳ የገባች ሴት ናት። የማን ደም እንዳነሰ፣ የማን ባል እንደሚማታ፣ ማን ሆስፒታል እንደምትፈራ በቃሏ ታውቃለች። አታወራም። እኔ እንኳ ስንት ዓመት አጠገቧ ኖሬ የአንዲትን ሴት ምስጢር ከአፏ አውጥቼ አላውቅም።

ከዚያ ስልኩ መጣ። የወረዳው ጤና ቢሮ ለሚታኒኖች ሁሉ ስልክ አደለ፤ የእርጉዞች ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደትና የስልክ ቁጥር የሚሞላበት አፕ ነበረው። ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ ሱክዋሪን ወደደችው። ጠዋት ጠዋት ውሃ ውስጥ ያደረ ሩዟን በአንድ እጇ እየጎረሰች በሌላው ስልኩን ስትነካካ አገኛት ነበር።

የወደደችው በከንቱ አይደለም። የደም ማነስ ክኒን ከመንደራችን ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ደጋግማ ብትጠይቅም የሚሰማት አላገኘችም። በስልኩ ሞልታ ስትልክ ግን ክኒኑ በመኪና ተጭኖ መጣ።

«አየሽ? እኔ ስናገር ያልሰሙ ሰዎች ቁጥሩ ሲናገር ሰሙ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ቁጥራቸውን ለመስጠት የሚያንገራግሩትን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞረች ታግባባ ጀመር። «ለራስሽ ነው፤ ከሐኪሞቹ በቀር የሚያየው የለም» ትላቸዋለች። ሴቶቹ ቢሮውን አያምኑም፣ እሷን ግን ያምናሉ። ሰጧት።

ኬጃም ሰጠቻት። ኬጃ ከፊት ለፊታችን የምትኖር፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ ሙሽራ ነበረች። ልጇ ሞቶ ተወለደ። ሱክዋሪን ከአጠገቧ አልተለየችም፤ ደግፋ ወደ ቤቷ የመለሰቻትም እሷ ናት። የልጁን መሞት በዚያው ሳምንት በስልኩ ሞልታ ልካለች።

ሩዝ በሚታጨድበት ወቅት ኬጃ ግቢያችን ተቀምጣ ሩዝ ስታበጥር ስልኳ ጮኸ። እጇ አቧራ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«እህት ካማላ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ልጅዎ ሦስተኛ ወሩን ያዘ» አለች አንዲት ልጅ እግር ሴት። «ጡትዎ የማያጠግበው ከሆነ ጥሩ የዱቄት ወተት አለን።»

ኬጃ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነስታ ወደ ቤቷ ገባች። ወሬው ወዲያው አማቷ ዱካልሂን ጆሮ ደረሰ።

ካማላ የኬጃ የመታወቂያ ስም ነው፤ በመንደራችን እንደዚያ ብሎ የሚጠራት የለም። ያንን ስም ከስልክ ቁጥሯና ከመውለጃ ወሯ ጋር የጻፈች አንዲት ሰው ብቻ ናት። ዱካልሂን ይህን ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባትም። ሱክዋሪን ደጅ ሄዳ ቆመች።

«በስንት ሸጥሻት?»

«ማንን ካኪ? ምን ሆነዋል?» አለቻት፤ ካኪ የምንለው አክስትን ነው።

«የልጄን ሚስት። ስሟን፣ ሆዷን፣ የሞተ ልጇን። ወዳጅ ነኝ እያልሽ ቤቴ ገብተሽ ሻዬን እየጠጣሽ።»

«ካኪ፣ በልጆቼ እምላለሁ...»

«ተይ፣ በልጆችሽ አትማዪ። ነገ እነሱንም ትሸጫቸዋለሽ።»

ሱክዋሪን ኬጃ ዘንድ ሄዳ የደወሉትን ቁጥር ተቀብላ ራሷ ደወለች።

«የዚችን ሴት ስልክ ከየት አገኛችሁት?»

«እኛ ስም ይሰጠናል፣ እንደውላለን። ከዚያ በላይ አላውቅም እህቴ።»

«ልጁ እኮ ሞቷል።»

ልጅቷ «እዚህ በሕይወት አለ ነው የሚለው» አለችና ዘጋችው። በሳምንቱ ደግመው ለኬጃ ደወሉላት።

እኔና ሱክዋሪን በአውቶቡስ ወረዳ ሄድን። የሚታኒኖቹ ኃላፊ ቻንድራካር ትሑት ወጣት ነው፤ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለን።

«ሳህብ፣ ሴቶቼን ማን ነው የሸጣቸው?»

«ይቀመጡ ዲዲ። ሻይ ይምጣልዎ?» አላት፤ ዲዲ ታላቅ እህት ማለት ነው።

«ሻይ ፍለጋ አልመጣሁም።»

ነገሩን ነገረችው። እስክትጨርስ ሰማት። «ዳታ ነው እኮ ዲዲ» አለ። «አፑን የሠራው ሌላ፣ የሚያስቀምጠው ሌላ፣ የሚተነትነው ሌላ። በየት እንደወጣ እኔ በምን አውቃለሁ? ደግሞስ የወተት ማስታወቂያ ነው፤ ሰው አልሞተ።»

«ሞቷል እንጂ። ሞልቼ የላክሁልዎ እኔ ነኝ።»

ቻንድራካር ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረ። «ይመልከቱ፣ መንደርዎ አረንጓዴ ነው፤ ሁሉም ተሞልቷል። ከወረዳው አንደኛ ነዎት። ለምን ስምዎን ያበላሻሉ?»

«ኬጃም እዚህ ውስጥ አረንጓዴ ናት?»

አልገባውም። «ሁሉም አረንጓዴ ነው» አላት።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። መንደራችን ስንቃረብ ነው የተናገረችው። «እምቢ ያሉትን ሁሉ እኮ ያግባባሁት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ። እሱማ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው፤ የእሱን ቤት ማን ያንኳኳል? ዱካልሂን የምትሰድበው እኔን ነው፣ እውነቷንም ነው።»

በሚታኒኖቹ የወሩ ስብሰባ ላይ ሳይፈቀድላት ተነሳችና የሆነውን ተናገረች። «የእናንተ ሴቶችስ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ከወንዝ ማዶ የመጣች ሚታኒን አንድ ነገር አወራች። መንደሯ ውስጥ እርግዝናዋን ለባሏ ሳትነግር የቆየች ሴት ነበረች፤ ወተት ሻጮቹ ሲደውሉ ስልኩን ያነሳው ባልየው ነው። ሴትዮዋ ክንዷ ተሰብሯል። ይሄ ሲሰማ ሌሎቹም አንደበታቸው ተፈታ፤ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትቀጥላለች።

ሱክዋሪን ስልኳን ቻንድራካር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ሌሎቹም እየተነሱ አስቀመጡ።

«ይህ የመንግሥት ንብረት ነው ዲዲዎች፤ እንዲህ አይጣልም።»

«ንብረትዎን ነው የመለስንልዎ። የእኛን ደግሞ እርስዎ ይመልሱልን» አለችው።

አልመለሰም። ይጣራል ተባለ፤ ተጣራና ከቢሮው የወጣ ነገር የለም ተባለ። ስልክ ላልያዘች ሚታኒን አበል ሲቋረጥ አብዛኞቹ እየሄዱ ስልካቸውን ወሰዱ። አልፈርድባቸውም፤ ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። ሱክዋሪን አልወሰደችም፣ ስሟም ተሰረዘ። በቦታዋ ጎበዝ ልጅ ተቀጠረች፤ ከስልኩ ቀና የማትል ጎበዝ።

ሱክዋሪን ከዚያ ወዲህ ቁጥር የሚጠይቃትን ሁሉ ታፋጥጣለች። ገበያ ወጥተን ሳሪ ስትገዛ ሻጩ ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት። «ለምንድነው? ሳሪው ሊደውልልኝ ነው?» አለችው። እኔ ሳቅሁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም።

ኬጃ ዘንድሮ እንደገና አረገዘች። ምጧ ሲመጣ ሱክዋሪንን የጠራቻት ያቺው ዱካልሂን ናት። ይቅርታ አልጠየቀችም። በሩ ላይ ቆማ «ነይ፣ ልጅቷ አንቺን ነው የምትለው» ብቻ አለች። ሱክዋሪን ሳሪዋን እያጠባበቀች ወጣች።

ሆስፒታሉ በር ላይ መዝጋቢው ስልክ ቁጥር ካልተሞላ ኮምፒውተሩ አያሳልፍም አለ። ኬጃ ግድግዳ ይዛ ታቃስታለች። ሱክዋሪን ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«ኮምፒውተሩ ነው ወይስ አንተ ነህ የምታዋልዳት?»

«እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ባዶ ከሆነ አይቀበልም።»

«ዜሮ ሙላበት። እስኪሞላ ድረስ ዜሮ ብቻ።»

ሰውየው ዙሪያውን አየና ዜሮ ሞላ። ኬጃ ገባች። ሴት ልጅ ወለደች፤ ደህና ናት፣ ድምፅዋ ሰፈሩን ይረብሻል።

ንዴቱ ግን በዚህ አልበረደም። ቻንድራካር ዕድገት አግኝቶ ወደ ትልቁ ከተማ ተዛውሯል። አፑ አሁንም ይሠራል፤ አዲሷ ልጅ ትናንት የእኔን ምራት ቁጥር ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ሱክዋሪን ለበላይ መሥሪያ ቤት አቤት ብላ እስካሁን መልስ አላገኘችም። ሄዳ በጠየቀች ቁጥር «በሂደት ላይ ነው» ይሏታል። ሰኞ ደግሞ አብረን እንሄዳለን።