የታምሩን መታወቂያ ያረጠብንበት ቀን

ባለፈው ከሳሪስ ወደ አቃቂ ስንሄድ ሚኒባሱ ሬዲዮ ከፍቷል። የመጠጥ ዕድሜ ከሀያ አንድ ወደ አስራ ስምንት ይውረድ አይውረድ እያሉ ይከራከራሉ። አንዱ ድምፁ የለሰለሰ ሰውዬ፣ "ህጉ ወጣቱን ጠብቆታል" አለ።

"ሹፌር፣ ዝጋው" አልኩ።

"ምን አደረገህ ወንድሜ?"

አጠገቤ ታምሩ ተቀምጦ፣ በቀረችው አንድ ዓይኑ መንገዱን ያያል።

ነገሩ የሆነው ገዢው ግንባር ሊፈርስ ወራት ሲቀሩት ነው፤ ሀያ አንድ የሚለው ህግም ገና ትኩስ ነበር። እኔና ታምሩ ቃሊቲ፣ መጋዘኖቹ ጋ ሲሚንቶ እናወርዳለን። ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ ትተነዋል፤ ወይ እሱ ትቶናል። ክረምት ነው፤ ጭቃው ጫማ ይበላል፣ ሲሚንቶው ላብ ላይ ይጋገራል። አንድ ቅዳሜ ታምሩ አስራ ስምንት ሞልቶት የመጀመሪያ መታወቂያውን ከቀበሌ ይዞ መጣ። እኛ ሰፈር አዲስ ነገር በመጠጥ ሳይረጥብ አይያዝም። ጫማ ይረጥባል፣ ሞባይል ይረጥባል። መታወቂያማ እንዴት በደረቁ።

ከሰዓት ላይ ዋናው መንገድ ዳር ያለ ድራፍት ቤት ገባን። ጥብስ ይሸታል፣ ሰው ከነቤተሰቡ ይበላል፣ በሩ ላይ ጥበቃ ቆሟል። ታምሩ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገው። አስተናጋጇ አነበበችው።

"ሀያ አንድ ካልሞላህ አልቀዳም። ባለቤቱ ያባርረኛል።"

"አንቺስ ስንት ነሽ?"

"አስራ ሰባት።"

"መቅዳት ይቻላል፣ መጠጣት ነው የማይቻለው።"

"እኔ ምን ላድርግህ? ለስላሳ ላምጣላችሁ?"

ሲሚንቶ ለዋጠ ጉሮሮ ለስላሳ። ወጣን።

ከኋላ፣ ጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ጋ አረቄ ቤት አለ። እዚያ ዕድሜ የሚጠይቅህ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ የዋለ የተሳቢ ረዳት መታወቂያውን አየና መለኪያውን ወደ ታምሩ ገፋ።

"እንኳን ሰው ሆንክ። በአንዴ ጨልጣት።"

ታምሩ አረቄ ቀምሶ አያውቅም። ትን አለው፤ አረቄው ሰውዬው ፊት ላይ ተረጨ።

"ግብዣዬን ተፋህብኝ?"

"ትን ብሎኝ ነው ጋሼ።"

በጠርሙስ መታው። ጠርሙሱ ግንባሩ ላይ ተሰበረ፤ በተሰበረው ደገመው። እኔ በርጩማ አንስቼ የሰውዬውን ጥርስ አራገፍኩ፤ ዛሬም አይቆጨኝም። ታምሩን በጀርባዬ አዝዬ ጭቃውን ስሮጥ ደሙ አንገቴ ላይ ከሲሚንቶው ጋር ይቦካል።

"ዓይኔ አለ?" ይለኛል።

"አለ" እለዋለሁ። አልነበረም።

በአስራ ስምንት ትመርጣለህ፣ ጠመንጃ ትይዛለህ። የቃሊቲ ወህኒ ቤትም ልጅ ነህ ብሎ አይመልስህም። ሀያ አንድ ድረስ ቆየኝ የሚልህ ቢራ ብቻ ነው። እኔ ይውረድ እላለሁ። መጠጥ ጥሩ ነው ብዬ አይደለም፤ አረቄ ቤት ደጅ ዛሬም አልረግጥም። ግን ወጣቱን ጥበቃ ካለበት፣ ሰው እህል ከሚበላበት ቤት አስወጥተኸው፣ የት ሄደ ሳትል፣ ጠበቅኩት አትበለኝ።

ቃሊቲ ላይ ከሚኒባሱ ወርደን ያኔ የከለከለን ድራፍት ቤት ገባን። አስተናጋጇ ሌላ ናት። "መታወቂያ" አለች። ታምሩ ያንኑ አሮጌውን አወጣ፤ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ አድስ ቢሉት አሻፈረኝ ብሏል። ፎቶውን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ደግማ ፎቶውን።

"ያንተ ነው?"

"የጎደለውን ተይውና ዕድሜውን ቁጠሪ" አላት።